የአኮ አቅጣጫ

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሴት አያቴ አኮ ግን ደንታም አልነበራት። መንገድ የምትቆጥረው ወደ ሌላው አቅጣጫ ነበር፤ ዲዴሳ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ጋምቤላ። አባቷ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ቡናና ሰም በበቅሎ ጭነው ወደ ባሮ ይወርዳሉ፣ ጨውና አቡጀዴ ይዘው ይመለሳሉ። ጓሮዋ ውስጥ ከጌሾው ሥር አስቀምጣ ስታወራን፣ አዲስ አበባ በወሬዋ መሐል ብቅ የምትለው እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ነበር።

ያለፉት ዓመታት ግጭት መንገዱን አላስኬድ ብሎ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ነቀምቴ ሰፈሬን ለማየት ሄድኩ። ወደ ጊምቢ መውጫ ላይ ያሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ በብሎኬትና በመስታወት ተተክተዋል። ባጃጁ አያሳልፍም። ከቤታችን ፊት ለፊት የነበረው የቡና መጋዘን ግን ግድግዳው እንዳለ ነው፤ አሁን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጥበታል። ልጅ ሆኜ እዚያ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጡ ነበር። ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ጣታቸው እያየ አይናቸው ግን ጎረቤታቸው ላይ ነው፤ ወሬው አይቋረጥም። ኬሻው ሲሞላ አንድ ሽማግሌ በወስፌ አፉን ይሰፋሉ። የወለጋ ቡና ባብዛኛው የሚደርቀው ከነገለባው ነው፤ ጀንፈሉ በፀሐይ ከርሞ በመቀሸሪያ ይፈለፈላል። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ የሚሸጠው ይኸው ነው። ከተማዋን በካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኝ የውጭ አገር ቡና ቆዪ ስሟን በየጆንያው ላይ ያነባታል።

ትምህርት ቤት ስለ ጎንደርና ስለ አድዋ ተማርን፤ መማራችንም ደግ ነው። ስለ ቢሎ ግን የነገረን መምህር አላስታውስም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለቃ ቢሎ ገበያ ስሙ ርቆ የሚሰማ ነበር። ከጎጃም ባሶ የተነሣ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ በጉዱሩ አሰንዳቦ በኩል ወደ ለቃ ይመጣል፤ አሞሌ ጨው አምጥቶ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይወስዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች፣ በከሬ ጎዳናና ልጃቸው ሞሮዳ፣ ጉልበታቸው ከዚህ የንግድ መንገድ የተነጠለ አልነበረም። ሞሮዳ በእምባቦ ጦርነት ዘመን፣ በ1870ዎቹ መካከል፣ ለምኒልክ በሰላም ገቡ፤ ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ ጀመር። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ምኒልክ አበልጅ ሆኑ፤ ስማቸውም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ግቢያቸው ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። እኛ ልጆች ሳለን ግን አጥሩን ታክከን ኳስ ስንጫወት ማን እንደኖረበት ግድም አይሰጠንም ነበር።

ኦኔሲሞስ ነሲብን ሳስብ የአኮ አቅጣጫ ይበልጥ ይገባኛል። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ይህ ሰው፣ ከስዊድን ሚሲዮን ጋር ሆኖ ወደ አገሩ ለመግባት በ1870ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው በሱዳን በኩል ነው። ድንበሩ ድረስ ደርሶ ግን ተመለሰ። ከባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ አሳተመ። ነቀምቴ የገባው በ1896 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ። የኋለኞቹ በምዕራቡ በር ቀንቷቸዋል። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በ1911 ዓ.ም. ግድም ሰዮ፣ የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የደረሱት ከሱዳን ተነሥተው ነው።

ያን በር የከፈተው የ1894ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል ነው። ሱዳን ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንድታቆም ተፈቀደ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት ጀልባ ይመጣል፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ተጭኖ በነጭ ዓባይ ይወርዳል። የአኮ አባት የሚያውቁት ዓለም ይህ ነበር። ከመንገዱ ሁሉ የሚፈሩት ዲዴሳን ነበር፤ ቆላው ወባ አለበት፣ የቆላ ዝንብ ደግሞ በቅሎውን በገንዲ ይጨርሳል። «በቅሎ የሞተችበት ነጋዴ ከሚስቱ በፊት ለአበዳሪው ይነግራል» ይሉ ነበር አሉ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ምዕራቡ ገና ነፃ ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች በርካታ ሆነው ነቀምቴ ላይ ተሰባስበው፣ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔራል ማሊዮኮ የተመሩ ጣሊያኖች በሦስት አውሮፕላን ከከተማዋ አቅራቢያ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። በሰኔ 20 ሌሊት ጥቁር አንበሶች ደርሰው አሥራ ሁለቱን ገደሉ፤ አንድ ቄስ ብቻ ተረፈ። ጣሊያንም ነቀምቴን በቦምብ ደበደበ። በዚያው ወቅት የምዕራብ ኦሮሞ መኳንንት ጎሬ ለነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሞግዚትነት ጠይቀው ጽፈዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ዛሬም ሰው ሲከራከር እሰማለሁ፤ ከሃዲ የሚላቸው አለ፣ አርቆ አሳቢ የሚላቸውም አለ። እኔ የሚታየኝ ቀላል ነገር ነው። ምሥራቁ በጠላት ተይዟል፤ በሚያውቁት በር አንኳኩ።

የበሩ መዘጋት የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ደቡብ ሱዳን ግን በጦርነት ውስጥ ነበረ። ጀልባው ቀረ። ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባና ወደ ቀይ ባሕር አዞረ። እኔ ስወለድ ነቀምቴ የምትለካው ከዋና ከተማው ባላት ርቀት ብቻ ነበር፤ ባለሥልጣኑ፣ የፈተና ወረቀቱና አዲሱ ዘፈን ሁሉ ከምሥራቅ በአውቶቡስ ይመጣል። «ሩቅ ክፍለ ሀገር» የሆንነው ያኔ ነው። አስፋልቱ መጥቶ መንገዱን ሲያሳጥረው እንኳ ስሙ አልለቀቀንም።

መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ይሰፉ የነበሩትን የእኚያን ሽማግሌ ልጅ አገኘሁት፤ እሱም ሸብቷል። ሲሚንቶ ጭነቱን እየቆጠረ፣ «ኦቦ፣ ያንተ ቅድመ አያት ጋምቤላ ድረስ በእግራቸው አልነበር የሚሄዱት?» አለኝ። አዎ አልኩት።

«ልጄ እዚያ አስተማሪ ናት» አለ። «ለበዓል ስትመጣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ትሄዳለች፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዛ ወደዚህ ትመለሳለች። የትራንስፖርቱን እኔ ነኝ የምልክላት።»