የጠፋው ቀለም፦ ስህተትን ከማሳየት ወደ ዝምታ

ድረ ገጽ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ አርማዎች፣ ካርታዎችና የምርጫ ግራፎች ፎቶ አይደሉም። በጽሑፍ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው፦ «እዚህ ክብ ሳል፤ ቀለሙን ‹ሀ› ከተባለው ውሰድ»። ይህ አሠራር ኤስቪጂ ይባላል። ‹ሀ› የተባለው ነገር ከሌለስ?

የመጀመሪያው መልስ ጥብቅ ነበር። የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ኤስቪጂን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ2003 የወጣው 1.1 እትም የሌለን ነገር መጥቀስ ስህተት ነው ይላል፦ ስዕሉ ስህተቱ ያለበት ክፍል ጋ ሲደርስ ይቁም፤ ተመልካቹም በግልጽ ይወቀው። ለምሳሌ አሳላፊ የዳማ ሰሌዳ ይደረብበት ብሎ እስከ መጠቆም ደርሷል።

ጥብቅነቱ የዘመኑ መንፈስ ነበር። ኤስቪጂ የተመሠረተበት ኤክስኤምኤል፣ በ1998 ሲወጣ፣ አንድ የአጻጻፍ ግድፈት የሰነዱን ንባብ እንዲያስቆም ደንግጓል።

ግን ባዶ ገጽ ያየ ሰው የሚወቅሰው ብሮውዘሩን እንጂ የስዕሉን ሠሪ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ እየላላ መጣ። በ2018 የወጣው የኤስቪጂ 2 እጩ መስፈርት እንደሚለው፣ የተጠቀሰው ቀለም ከሌለና ምትክ ካልተሰጠ ቅርጹ ሳይቀባ ይታለፋል። ስለ መቁረጥና መሸፈን የሚደነግገው ተጓዳኝ ሰነድ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት፦ መቁረጫው ከጠፋ መደበቅ የነበረበት ይታያል፤ መሸፈኛው ከጠፋ መታየት የነበረበት ይሰወራል። የዳማ ሰሌዳው ቀርቷል።

በአንድ ቀለም መጥፋት ሙሉ ካርታ እንዳይቀር መደረጉ ትክክል ነው። ዝምታው ግን ዋጋ አለው። በምርጫ ግራፍ ላይ የአንድ ፓርቲ ዓምድ ቀለሙን ቢያጣ፣ አንባቢው «አንድ ነገር ጎድሏል» አይልም፤ «ድምፅ አላገኘም» ይላል። የጎደለው ስዕል ሙሉ ይመስላል።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ጀምሮ በመስፈርቱ ውስጥ አለ፦ «‹ሀ› ከሌለ ግራጫ ቀባ» ብሎ ምትክ መስጠት። ግራፍ የምታትሙ ሚዲያዎች ይህችን አንድ ቃል አትርሱ። ብሮውዘሩ ስለ እናንተ አይጮኽም፤ ያንን ሥራ ከተወ ቆይቷል።