አቅማቸውን ያወቁ ገዢዎች፣ ያልታያቸው ጉድለት



ለሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያውቃል፤ «ጠንካራና ደካማ ጎንህን ንገረን»። አብዛኞቻችን መልሱን ሸምድደን ነው የምንገባው። ጠንካራ ጎን ሲባል «ታታሪ ነኝ» እንላለን። ደካማ ጎን ሲባል ደግሞ «ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም»። ጠያቂውም መላሹም ነገሩን ያውቁታል፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ይቀራል።

ይህን ጥያቄ በአፍ ሳይሆን በተግባር የመለሱ፣ መልሳቸውም የሕዝብን ዕጣ የወሰነ ሰዎች በታሪካችን አሉ። ዛሬ ሁለቱን እናንሳ፤ የጅማውን ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርንና የራሳችንን የአሶሳውን ሸኽ ሆጀሌ አልሐሰንን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባ ጅፋር በ1878 ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ። በዚያ ዘመን በጊቤ ምድር አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። ብዙም ሳይቆይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ መግፋት ጀመረ። ወጣቱ ንጉሥ ሁለት ነገር መመዘን ነበረባቸው፤ ምን አለኝ? ምንስ የለኝም?

የነበራቸው ብዙ ነው። ሂርማታ የተባለው ገበያቸው ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። ግብር የሚሰበስብ፣ ኬላ የሚጠብቅና ትእዛዝ የሚያደርስ የተደራጀ አስተዳደርም ነበራቸው። የጎደላቸው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ በጠመንጃ ብዛት ከምኒልክ ጦር ጋር አይመጣጠኑም። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ከመዋጋት ይልቅ እንዲስማሙ እንደመከሯቸው ይተረካል። ንጉሡም ምክሩን ሰሙ። በየዓመቱ ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ በምላሹ አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቀጠሉ።

ውጤቱን እንመልከት። የጎረቤቶቻቸው ዙፋኖች በ1880ዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በጀግንነት ተዋጉ፤ በ1897 ተማርከው ቀሪ ዘመናቸውን በእስር አሳለፉ። የጅማ የውስጥ አስተዳደር ግን አባ ጅፋር እስካረፉበት እስከ 1932 ድረስ፣ ማለትም ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ በአመዛኙ በእጃቸው ቆየ። በጅሬን ያለው ቤተ መንግሥታቸውም ዛሬ ድረስ ቆሟል።

ይህን ያነሣነው «መገበር ብልህነት ነው፣ መዋጋት ሞኝነት ነው» ለማለት አይደለም። የጋኪ ሸሮቾን ጀግንነት የሚክድ የለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። አባ ጅፋር ደካማ ጎናቸውን በጉራ አልሸፈኑትም፤ ፉክክሩንም በሌላቸው ነገር አላደረጉትም። ጠመንጃ ባነሰበት ቦታ ገበያና አስተዳደር አስቀደሙ።

ድክመትን ማመን ውርደት የሚመስለን ካለን አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። በእውነተኛነቱና በዙህዱ የታወቀ ሶሐባ ነው። ሹመት በጠየቀ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚያ ኃላፊነት ደካማ መሆኑን በፍቅር ነገሩት፤ ሹመት አማና መሆኑንም አስረዱት። በዚህ ምክንያት የአቡ ዘር ደረጃ ዝቅ አላለም። ሰው በደፈናው «ጠንካራ» ወይም «ደካማ» አይባልም። ለየትኛው ሥራ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቤኒሻንጉል ምድር ሦስት ታላላቅ ግዛቶች ነበሩ፤ ቤላ ሻንጉል፣ ኾሞሻ እና አቆልዲ። የዛሬዋ አሶሳ የአቆልዲ ምድር ናት። ገዢዎቹ ወታዊት ይባሉ ነበር፤ ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን ከበርታ ቤተሰቦች ጋር ተጋብተው የወለዷቸው ናቸው። በ1897 እና 1898 የራስ መኮንን ጦር ዘምቶ አካባቢውን ለምኒልክ አስገበረ። ሸኽ ሆጀሌም በአዲስ አበባ ታስረው ቆዩ።

ታሪካቸው ግን እዚያ አላበቃም። ተፈትተው ተመለሱና የአካባቢው ዋና ገዢ ሆኑ። ለምን? በእጃቸው ያለው ነገር ለማዕከላዊው መንግሥት ስለሚያስፈልግ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ግብሩም በወርቅ ይከፈል ነበር። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ አካባቢው ጠረፍ ሆነ። ጠረፍ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ሰው፣ ቋንቋና የንግድ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሸኽ ሆጀሌ ይህን አሟልተው ነበር። ጦርነት ያሳጣቸውን በዕውቀትና በግንኙነት መልሰው አገኙት፤ በ1938 እስካረፉ ድረስም በአካባቢው ስማቸው ከባድ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ጽሑፉን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይለን ነበር። ታሪክ ግን በግማሹ አይነገርም። የሁለቱም ገዢዎች ሀብት አንዱ ምንጭ የባሪያ ንግድ ነበር። በጅማ ሰው ይሸጥ ነበር። በእኛም ምድር የበርታና የሌሎች ማኅበረሰቦች ልጆች ከቤታቸው እየተነጠቁ ተሸጠዋል፤ የዚያ ሕመም ትዝታ ዛሬም አልጠፋም። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው መከራከሪያ ይኸው ጉዳይ ነበር። ባርነትን የሚሽረው አዋጅም በ1942 ወጣ።

እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። የጎረቤትን ጦር ብዛት መዝነው የማይሳሳቱ ሰዎች በእጃቸው ያለውን በደል እንደ ድክመት አልቆጠሩትም። ንግዱ ገቢ ያስገባ ስለነበር እንደ ጥንካሬ ታየ። ለመታየት የሚከብደው ድክመት ይህ ነው፤ የሚያሸልም፣ የሚያሾም፣ ትርፍ የሚያስገኝ ድክመት።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ይህን በትንሹ እናየዋለን። አንዱ «ቆራጥ» ተብሎ ይሾማል፤ ሲመረመር ግን ሰው የማይሰማ ነው። ሌላው «ፈጣን» ተብሎ ይመሰገናል፤ ስህተቱን የሚያርሙት ባልደረቦቹ ናቸው። አንዷ «እሷ ከሌለች ሥራው አይሄድም» ትባላለች፤ ዕውቀቷን ለማንም ስላላስተማረች ነው። የጅማም ነፃነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆይቶ ነበርና ንጉሡ ሲያርፉ አብሮ አከተመ።

እንግዲህ ራሳችንን ስንመዝን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ሰዎች ለምን ጉዳይ ነው እኔን ፈልገው የሚመጡት? ጥንካሬያችንን የሚያሳየን የምንወደው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ከእኛ የሚፈልጉት ነገርም ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ገኔ ጉሚቲ ሳይፈራ እውነቱን የሚነግረኝ ማን ነው? እንዲህ ያለ ሰው ከሌለን ችግሩ ምናልባት እኛ ተቆጪ ሆነን ሰው ስላራቅን ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ የምመሰገንበት ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከበታቻችን ያለ ሠራተኛ፣ ባለጉዳይ ወይም ቤተሰባችን የሚከፍለው ከሆነ ያ ጥንካሬ አይደለም።

አበው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ። የሌላውን ጉድለት መቁጠር ቀላል ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ የምናምነውን ባልደረባ «በሥራዬ የሚያስቸግርህ ነገር ምንድነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ሳናቋርጥ እንስማ። ከዚያ የሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ላይ የምንናገረው እውነተኛ መልስ ይኖረናል።

ወላሁ አዕለም።