የመጽሐፍ ጥረዛ፦ ከእጅ ድጉሰት ወደ ማሽን

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና እስከ አንኮበርና ቡልጋ ባለው አገር፣ የብራና መጽሐፍ ጥረዛ ከመጀመሪያው ስፌት እስከ መጨረሻው ድጉስ የእጅ ሥራ ነበር። የታጠፈው ብራና በጥራዝ በጥራዝ ተደርድሮ በክር ወይም በጅማት ይሰፋል። ስፌቱ ደጋፊ ገመድ የለውም፤ ክሩ አንዱን ጥራዝ ከቀጣዩ ጋር በሰንሰለት መልክ እያያያዘ ይሄድና ከዋንዛ ወይም ከወይራ በተጠረቡ ሁለት ገበታዎች ቀዳዳ ውስጥ ይታሰራል። ገበታዎቹ ቆዳ ይለብሳሉ፤ ቆዳውም በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ይደጎሳል። ቆዳው ከጥራዞቹ ጀርባ ጋር ስለማይጣበቅ መጽሐፉ ያለ ችግር ይዘረጋል።

አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በአውሮፓ የታተሙ ቅዱሳት መጻሕፍትን በሸዋ አደለ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጠራዦች ሥራ መለወጥ ጀምሮ ነበር። በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. በለንደን የመጽሐፉ ሽፋን ከካርቶንና ከጨርቅ ለብቻው እየተሠራ ከተሰፋው አካል ጋር በሙጫ መጣበቅ ጀመረ። ለማሽን በሩን የከፈተው ይህ መለያየት ነው፤ ገበታው ከስፌቱ ጋር አብሮ በሚታሰርበት ዘዴ ሥራውን ከፋፍሎ ለየማሽኑ መስጠት አይቻልም ነበርና።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የእጅ እርምጃ በየተራ ወደ ብረት ዞረ። በ1827 እ.ኤ.አ. ዊልያም በርን የሠራው ባለ ሲሊንደር መጭመቂያ ጥራዝ በመዶሻ መቀጥቀጥን ተካ። በ1844 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጊዮም ማሲኮ የወረቀት መቁረጫ ማሽን የፈጠራ ባለመብት ሆነ። ቀጥሎም የማጠፊያ ማሽን መጣ። ወደ ማሽን ለማዞር እጅግ ያስቸገረው ስፌቱ ነበር፤ አሜሪካዊው ዴቪድ ስሚዝ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ፈታ። ማሽኑ ክሩን በጥራዙ እጥፋት ውስጥ አሳልፎ ጥራዝን ከጥራዝ ያያይዛል፤ ያለ ደጋፊ ገመድ የመስፋት መርሑ ከሸዋ ጠራዦች ሰንሰለት ስፌት ጋር ይቀራረባል። በላይፕዚግ ደግሞ የብሬመር ወንድማማቾች ለቀጭን መጽሔት የሚስማማውን የሽቦ መስፊያ አስፋፉ።

ኢትዮጵያ ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ አላለፈችውም፤ ያለቀለትን መሣሪያ ከውጭ ተቀበለች። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። የቡልጋው ተወላጅ ተስፋ ገብረ ሥላሴ በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ፊደል፣ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት እያተሙ በብራና ላይ ተመሥርቶ የነበረውን የቄስ ትምህርት ወደ ወረቀት መጽሐፍ አሸጋገሩ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስፌትን በሙጫ የሚተካ ጥረዛ ተስፋፋ፤ ጀርባው ተቆርጦ ቅጠሎቹ በሙጫ ብቻ ይያያዛሉ። ይህ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሙጫው ሲደርቅ ግን ቅጠሎቹ ይረግፋሉ። ስለዚህ ዕለት ዕለት ለሚገለጥ ዳዊትና ለተማሪ መጽሐፍ፣ በእጅም ይሁን በማሽን፣ የተሰፋ ጥራዝ ተመራጭ ነው።