ዜና ገመድ

በ1735 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋራ በጎንደር ነግሠው ሳሉ፣ በእንግሊዝ አገር ጃክ ብሮተን የሚባል ቡጢኛ ለውጊያው ሕግ ጻፈ። በዚያ ሕግ ዙር የሚያበቃው አንዱ ሲወድቅ ነበር። ስለዚህ አንዱ ዙር ገና ከመጀመሩ ያልቃል፣ ሌላው ተመልካች እስኪሰለች ይረዝማል።

ከ124 ዓመት በኋላ፣ ፈረንጆች 1867 ባሉት ዓመት፣ በኩዊንስቤሪው ማርኪስ ስም ሌላ ሕግ ታተመ። ጓንት ይጠለቅ፣ ዙሩ 3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 1 ደቂቃ ይሁን ተባለ። ያረቀቀው ጆን ግሬም ቼምበርስ ነው፤ ስሙን ግን መኳንንቱ ወሰዱት፤ ይህ በየአገሩ ያለ ነው። የልጆች ጨዋታ የነበረው ገመድ ዝላይ ለቦክሰኛ እንዲህ የተስማማው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በዚህ የሰዓት ሕግ ነው፤ 3 ደቂቃ ዘሎ 1 ደቂቃ የሚያርፍ ሰው የውጊያውን ትንፋሽ ሳይመታ ይማረዋል።

በዚያው ዓመት በእኛም አገር ገመድ ሥራ አልፈታም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከፎገራ ሜዳ ሽቅብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠው አሠሩ። 1860 ዓ.ም. ጠብቶ ክረምቱ ሲወጣ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሡ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ብረት ወታደሩ በጠፍርና በገመድ ጎተተው። ዳገት ሲገጥማቸው መንገድ እየጠረጉ፣ ቋጥኝ ሲገጥማቸው እየፈነቀሉ ሄዱ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። ዛሬ ከወረታ ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና በደብረ ዘቢጥ ሲያልፍ የዚያን ጉዞ አቅጣጫ ይዟል።

ወደ ቦክሱ ነገር እንመለስ። አሜሪካዊው ሶኒ ሊስተን ሙዚቃ አስከፍቶ በምቱ እየዘለለ ይለማመድ ነበር፤ እርሱንም በየካቲት 1956 ዓ.ም. ገና ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው ሙሐመድ ዓሊ ድል ነሣው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የኢትዮጵያ ቦክሰኞች በቶኪዮ ኦሎምፒክ ተሰለፉ። ጥቅምት 11 ቀን አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈና ወሬው ሁሉ የእርሱ ሆነ፤ ቦክሰኞቹን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በ1967 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 2 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ጥቅምት 20 ቀን ደግሞ ዓሊ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ የመድረኩን ገመድ ተደግፎ ዱላውን ሲቀበል ቆየ። ሲዘልበት የኖረው ገመድ አዳነው ብል ባማረልኝ፤ ግን ያ ሌላ ገመድ ነው።

በፎገራ ቦክስ ለሚለማመድ ወጣት የገመዱ ልክ እንዲህ ነው፤ መሐሉን ረግጦ ሁለቱን ጫፍ ሽቅብ ሲስብ ብብቱ ዘንድ ይድረስ። ክንዱን ከጎኑ ሳያርቅ በእጁ አንጓ ብቻ ያዙረው፣ ተረከዙንም አያሳርፍ። የበሬ ጠፍር ለዚህ ይከብዳል። በክረምት ግን ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ዋልካው እግር ይይዛል፤ ሜዳውን ለሩዙ ትቶ ወረታ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ ያለበት በረንዳ መፈለግ አለበት።