የመኪና ኤሲ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ

የመኪና ኤሲ የተሽከርካሪን ውስጥ የሚያቀዘቅዝና እርጥበቱን የሚቀንስ መሣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ (2,400 ሜትር ገደማ) ወደ አዳማ (1,600 ገደማ)፣ ከዚያም ወደ መተሐራ (950 ገደማ) ለሚወርድ ሾፌር ጥቅሙ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይጨምራል።

አሠራር፦ ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው ኮምፕረሰር የማቀዝቀዣ ጋዙን ይጨምቃል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ከዳሽቦርዱ ሥር ይተንና ከሚነፍሰው አየር ሙቀት ይወስዳል።

እንክብካቤ፦ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ኮንደንሰሩን ሲደፍነው፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ቅዝቃዜው ይደክማል። ስለዚህ ክንፎቹን ሳያጣምሙ በቀስታ በውሃ ማጠብና የአየር ፊልትሮውን መቀየር ያስፈልጋል። ብርድ በሆነበት ወቅትም ኤሲውን አልፎ አልፎ ማስነሣት ይጠቅማል፤ ከጋዙ ጋር የሚዞረው ዘይት ጎሚኒዎቹ እንዳይደርቁ ይጠብቃል።

ጋዙ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ሾልኮ ነውና ከመሙላት በፊት የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ይቀድማል።

የጋዝ ዓይነት፦ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳው አር-12 ከሞንትሪያል ስምምነት (1987 እ.ኤ.አ.) በኋላ በአር-134ኤ ተተካ። አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን ስለሚያሞቅ፣ የስምምነቱ የኪጋሊ ማሻሻያ (2016 እ.ኤ.አ.) እንዲቀነስ ያዛል።