የክላሪሳ እምቢታና የአንባቢዎቿ ልመና

በ1748 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ላይ፣ በለንደን ከተማ የማተሚያ ቤት ባለቤት ለነበረው ለደራሲ ሳሙኤል ሪቻርድሰን ከአንዲት ከማያውቃት ሴት ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊዋ እውነተኛ ስሟን ሸሽጋ «ቤልፎር» በሚል ስም የፈረመች ሲሆን፣ መልሱንም በጋዜጣ እንዲያወጣላት ትጠይቃለች። ጉዳይዋ አንድ ነበር። «ክላሪሳ» የተሰኘው ረጅም ልብ ወለድ የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጾች ታትመው ሦስቱ ገና በማተሚያ ቤት ነበሩ፤ የታሪኩ ፍጻሜ አሳዛኝ መሆኑን በወሬ የሰማችው ይህች አንባቢ፣ ክላሪሳን እንዳይገድላት፣ ላቭሌስ የተባለውን ወጣት መኰንንም ከክፋቱ መልሶ እንዲድርለት ደራሲውን ትማጸነዋለች። ሴትዮዋ በላንክሻየር የምትኖር ሌዲ ብራድሼይ የተባለች የባላባት ሚስት መሆኗ የታወቀው ከብዙ መጻጻፍ በኋላ ነው።

ሪቻርድሰን ልመናውን አልተቀበለም። ለምን እንዳልተቀበለ ለመረዳት ከስምንት ዓመት በፊት ወደ ጻፈው መጽሐፍ መመለስ ያስፈልጋል።

ሪቻርድሰን ወደ ድርሰት የገባው ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። መጻሕፍት ሻጮች፣ ደብዳቤ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች አርአያ የሚሆን የደብዳቤዎች ስብስብ እንዲያዘጋጅ ጠይቀውት ሲሠራ ሳለ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግልና ጌታዋ የተመኛት ልጃገረድ ከወላጆቿ ጋር የምትለዋወጠውን ደብዳቤ የመጻፍ ሐሳብ መጣለት። ከዚህም «ፓሜላ» ተወለደች፤ ጊዜው 1740 እ.ኤ.አ. ነበር። ፓሜላ የዐሥራ አምስት ዓመት አገልጋይ ናት። ጌታዋ ያባብላታል፣ ያስፈራራታል፣ በመጨረሻም አሳፍኖ ወደ ሩቅ ርስቱ ወስዶ ያስዘጋባታል። እርሷ ግን እምቢ በማለት ትጸናለች። ጌታዋ የጻፈቻቸውን ወረቀቶች ሲያነብ ልቡ ይለወጥና በሕግ ያገባታል።

መጽሐፉ እጅግ ተወደደ። ወዲያውም ሌሎች ጸሐፍት የፓሜላን ታሪክ እየወሰዱ የየራሳቸውን ፓሜላ መጻፍ ጀመሩ። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1741 እ.ኤ.አ. «ሻሜላ» በሚል ርእስ ባወጣው የፌዝ ድርሰት፣ የልጅቱ እምቢታ ሁሉ ጌታዋን ለማጥመድ የተዘረጋ ወጥመድ ነበር ብሎ ተሳለቀ። ኢላይዛ ሄይዉድም በዚያው ዓመት «አንቲ-ፓሜላ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመች። ሌላው ደግሞ የፓሜላን የትዳር ኑሮ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጽፎ አወጣ፤ ሪቻርድሰንም ባዕድ እጅ እንዳይቀድመው የራሱን ተከታይ ቅጾች ለመጻፍ ተገደደ። የሰውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ የራስን ታሪክ መጻፍ የዘመናችን ፈሊጥ ለሚመስላቸው ይህ በቂ ምስክር ነው። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የሚያስገርመው ግን ጥያቄው ምንጊዜም ስለ ልጅቱ መሆኑ ነው። «እምቢ ያለችው ከልቧ ነው ወይስ ለይምሰል?» ተባለ እንጂ፣ ስለ አሳፋኙ የጠየቀ ጥቂት ነው።

«ክላሪሳ» የተጻፈው ይህ ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ ይመስላል። ክላሪሳ ሃርሎው የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ናት፤ አያቷ ርስት ያወርሷታል፣ በዚህም ወንድምና እኅቷ ይቀኑባታል። ወላጆቿ ሶልምስ ለተባለ ሀብታም ሊድሯት ሲቆርጡ እምቢ ትላለች፤ በክፍሏ ውስጥ ይዘጉባታል። ላቭሌስ በማታለል ከአባቷ ግቢ ያስወጣትና ለንደን ወስዶ፣ የጨዋ ቤት አስመስሎ፣ ሴተኛ አዳሪዎች በሚኖሩበት ቤት ያሳርፋታል። ማባበሉም ማስፈራራቱም እንደማይሆንለት ሲያይ አደንዛዥ መድኃኒት አስጠጥቶ ይደፍራታል። ደራሲው ይህን ድርጊት አይተርከውም። ላቭሌስ ለወዳጁ ለቤልፎርድ በሚልከው የጥቂት መስመር ደብዳቤ ነገሩ መፈጸሙን ብቻ ያስታውቃል። በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ውስጥ ያንን ያህል የሚናገረው ሰው እዚህ ላይ ቃል ያጥረዋል። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ይኸው ነው።

ላቭሌስ ድርጊቱን የሚያየው እንደ ፈተና ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሸነፈች ለዘለዓለም የእርሱ ትሆናለች፣ ጋብቻም የቀረውን ያስተካክለዋል ብሎ ያምናል። ይህን የሚያምነው እርሱ ብቻ አይደለም። የላቭሌስ ዘመዶች እንድታገባው ይለምኗታል፤ የልብ ጓደኛዋ አና ሃው እንኳ ለክብሯ ስትል እንድትቀበለው ትመክራታለች። ክላሪሳ ግን አልፈቀድሁም፣ አሁንም አልፈቅድም ትላለች። በአማርኛችን «ፈቃድ» የሚለው ቃል የራስን ውዴታም፣ ለሌላ የሚሰጥን ይሁንታም አንድ አድርጎ ይይዛል፤ የክላሪሳ ክርክር በሙሉ በዚህ አንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል። ሰውነቷ ተይዟል፤ ፈቃዷ ግን አልተያዘም።

ይህ አቋም በዘመኑ ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ ሕጉ ያስረዳል። የዳኛው የማቲው ሄል የወንጀል ሕግ መጽሐፍ የታተመው በ1736 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሚስት ስታገባ ፈቃዷን አንድ ጊዜ ለባሏ ስለ ሰጠች ባል ሚስቱን በመድፈር አይከሰስም የሚለውን ሐሳብ ያዘለ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በእንግሊዝ የፈረሰው በ1991 እ.ኤ.አ. በጌቶች ምክር ቤት ፍርድ ነው። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልጃገረድ ከተጠለፈች በኋላ ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ፣ ጥሎሹን ከፍሎ ነገሩን በጋብቻ መዝጋት በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሲሠራበት የኖረ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከክስ ነጻ የሚሆንበትን በር ከፍቶለት ነበር። በሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። የክላሪሳን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የአና ሃውን ምክር ሲያገኝ፣ ድምፁን ከዚህ ቀደም የሰማው መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ሪቻርድሰን ለሌዲ ብራድሼይ እምቢ ያለበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። የተመለሰ ሴት አውል ጥሩ ባል ይወጣዋል የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብ እዋጋለሁ ብሎ በመቅድሙ ላይ ገልጾ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህንኑ አስተሳሰብ በ«ፓሜላ» ያስፋፋው ራሱ ነው፤ የሁለተኛው መጽሐፍ ጽናት የመጀመሪያውን ስሕተት የማረም ያህል ይቆጠራል። ቢሆንም ብዙ አንባቢዎች የላቭሌስን አንደበትና ቁንጅና ወደዱት፤ ደራሲውም ተናድዶ በኋለኞቹ እትሞች ላይ የሰውየውን ተንኮል የሚያጎሉ ገጾች ጨመረ። በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ሲታይ ይህ ጭማሪ ያለ መጽሐፉ ክብደት ሌላ ያተረፈለት ነገር የለም።

የሌዲ ብራድሼይ እኅት ሌዲ ኤክሊን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። ልመና ትታ ብዕር አነሣችና የራሷን ፍጻሜ ጻፈች። በእርሷ ታሪክ ላቭሌስ ንስሐ ይገባል፤ መደፈሩ ግን ጨርሶ አይፈጸምም። አንደኛዋ እኅት ቁስሉን በሠርግ ልትሸፍነው ፈለገች፤ ሁለተኛዋ ቁስሉ ከነጭራሹ እንዳይኖር ፈለገች። በዛሬው ዘመን በሌሎች ደራስያን ገጸ ባሕርያት ላይ ታሪክ የሚጽፉ አንባቢዎች፣ በድርሰቱ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚፈጸም ድርጊት ካለ ከራስጌው ላይ አስቀድመው የማስታወቅ ልማድ አላቸው። ሌዲ ኤክሊን ይህን ብታገኝ ትመርጠው እንደነበር እገምታለሁ።

ሌዲ ብራድሼይ በበኩሏ መጽሐፉን እየደጋገመች አነበበች፤ በየገጹ ኅዳግ ላይም ተቃውሞዋን ጻፈች። ሪቻርድሰን ቅጾቹን ተውሶ፣ ከአንዳንዶቹ አጠገብ በገዛ እጁ መልስ ሰጠባቸው። የእኅትዮዋ ድርሰት ግን በእጅ ጽሑፍ እንደ ተቀመጠ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።