ከወረታ እስከ ጅቡቲ፦ የከባድ መኪና ሹፌርነት ምን ያበላል? ምንስ ያስከፍላል?

ለፎገራ ወጣት ሹፌርነት ቅርብ ሥራ ነው። ወረታ መገንጠያ ላይ ያለች ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያልፋል፤ ሌላው እዚሁ ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ ይደርሳል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ በደርግ ጊዜ በቻይናውያን የተሠራ ስለሆነ «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ከወልዲያ በሚሌና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባል። የፎገራ ሩዝ ከወረታ ተጭኖ ይወጣል፤ ከተማዋ ደረቅ ወደብም አላት። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ጭነት ሹፌሩ ምን ይደርሰዋል?

▪ አጀማመሩ
ብዙዎች የሚጀምሩት በረዳትነት ነው፦ ሸራ ማሰር፣ ጎማ መቀየር፣ ሌሊት ጭነት መጠበቅ። ቀጥሎ በትንሽ የጭነት መኪና ልምድ ይያዛል። ባለተሳቢ ለመንዳት «ደረቅ 3»፣ ለነዳጅ ቦቴ ደግሞ የፈሳሽ ጭነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ግን ፈቃድ ማውጣት ብቻውን ሥራ አያስገኝም። 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ባለንብረቱ ልምድም ዋስም ይጠይቃል።

▪ ገንዘቡ
የሹፌር ገቢ ደመወዝና የጉዞ አበል ነው። ብዙ ቦታ አበሉ ከደመወዙ ይበልጣል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ወይም ጭነት ሲጠፋ አበሉም ይቀራል።

ልብ በሉ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውሎ አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ጡረታም (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የሚታሰበው በደመወዝ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስም ካሳው ከደመወዝ ይነሳል። ስለዚህ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አበሉ ግን ጥሩ ነው» ስትባሉ ቶሎ እሺ አትበሉ። ዛሬ ኪስ ይሞላል፤ እግር የተሰበረ ቀን ግን የሚቆጠረው ያቺው ትንሿ ደመወዝ ናት።

ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የሥራ ሁኔታዎች ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ጠይቁ፤ ፎቶ አንስታችሁም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

▪ አደጋው
የጋሸናና የነፋስ መውጫ መስመር በ2013 ክረምት የጦርነት ቀጠና ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ይዘጋል። ታግተው ቤተሰባቸው ገንዘብ የተጠየቀባቸው ሹፌሮች አሉ፤ የተገደሉም አሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ከፊት ላለ ሹፌር ደውሉ፤ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ይኑር። ከዚህ ላይ የአፋር ሙቀትና ወደብ ላይ ወረፋ ጥበቃ አለ። እንቅልፉም ጋቢና ውስጥ ነው።

▪ ነገስ?
የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ2010 መደበኛ ሥራ ቢጀምርም ወረታ አይደርስም፤ ለሰሜኑ ጭነት መኪና አሁንም ግድ ነው። ከሹፌርነት በላይ ያለው እርከን የራስን መኪና መግዛት ነው፤ አንዳንዱ ከጓደኛ ጋር በሽርክና ይጀምራል። አሜሪካ ሄዶ መንዳት የምታስቡ ደግሞ የአገር ቤት ፈቃድ እዚያ ከባድ መኪና አያስነዳም፤ «ሲዲኤል» የሚባለውን እንደ አዲስ ተፈትኖ ማውጣት ነው።

ባጭሩ ሥራው አለ፤ ክፉም አይደለም። ግን መሪውን ከመጨበጣችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ረዳት ሆኖ ሊጀምር ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።